እሷ ወንድ ናት

ትዕግሥት የሌለኝ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ «ምናለ ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ» እንዳትሉኝ ነው። ብታገስ ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያትም አይኖረኝም ነበር።

አምና አዲስ አበባ የታይፕና የቢሮ ሥራ ተምሬ ተመረቅኩ። ከክፍሌ ሁለተኛ ነኝ። አንደኛ ያልወጣሁት የፈተናውን የመጨረሻ ገጽ ሳልገልጥ ወረቀቴን ስለሰጠሁ ነው። ወር ሳይሞላኝ ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ። ጉለሌ የቀረችው እናቴ «ልጄ የፈረንጅ ቢሮ ገባች» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ቢሮ የተባለው ከዚራ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ግቢ ነው፤ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ አንድ ጠረጴዛ የምትይዝ ክፍል፣ የተረፈው ሁሉ ወፍ።

የግቢው ባለቤት ሙሴ ያኒ የሚባሉ ግሪክ ናቸው። ሥራቸው ትናንሽ የቆላ ወፎችን በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ፈረንሳይ አገር መላክ ነው። እዚያ ወፍ በሽቦ ቤት አኑረው የሚያስፈለፍሉ ሰዎች አሉ። የሚፈልጉት ታዲያ ወፍ ብቻ አይደለም፤ ወንድና ሴት ሆኖ የተጣመደ ወፍ ነው።

የሚያጠምደውም የሚያጣምደውም አንድ ሰው ነው፤ አዴር ሮብሌ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይጠራዋል። ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ ጢሙን በሒና ያቀላል፤ ሽርጥ ያገለድማል። ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ካለው የግራር ዱር ወፍ ሲይዝ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ የለውም። ያለው በግቢው ጥግ የሰጡት አንድ ክፍልና ስሙ ነው። «ሮብሌ ያጣመደው አይፋታም» ይባላል።

የመጀመሪያ ቀን አንቱ ስለው ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

«ስንት ሰው ነው ያየሽው?» አለኝ። «እኔ አንድ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት። እሱ ግን ሰውን ሁሉ አንቺ ነው የሚለው። ሙሴ ያኒን «አንቺ ሙሴ» ይላቸዋል። በደጅ የሚያልፈውን ጺማም ወታደር «አንቺ ወታደር፣ ሰላም ነሽ?» ይለዋል፤ ወታደሩም ሰላም ነኝ ብሎ ያልፋል። የድሬ ሰው ለምዶታል። እኔ የአዲስ አበባዋ ግን ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር።

«ለምን ወንዱን አንተ አትለውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንተ ጠብ ናት። አንቺ ስኳር ናት።»

ሳቅኩና ረሳሁት። መርሳት አልነበረብኝም።

ያን ሰሞን የሚላኩት ወፎች ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጡ፣ አመድማ፣ ምንቃራቸው ብር የመሰለ ናቸው። ወንዱም ሴቷም አንድ ናቸው። ቀይ አንገት የለ፣ ሰማያዊ ጉንጭ የለ፤ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መንታ ናቸው።

ኅዳር ላይ ስድስት ጥንድ ሊላክ ሆነ። አዴር ሮብሌ በየሳጥኑ ሁለት ሁለት አድርጎ ስድስት ሳጥን አመጣና ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ።

«ጻፊ» አለኝ። «ይቺ እሷ፣ ይቺም እሷ። ተስማምተዋል።»

«ሁለቱም እሷ?»

«ሁለቱም ጥሩ ናት።»

እሷና እሷ፣ እሷና እሷ እያለ ስድስቱንም ነገረኝና ለቀትር ሶላት መስጊድ ሄደ። ደብተሬን አየሁት። ስድስት ጊዜ «ሴት፣ ሴት» ብዬ ጽፌያለሁ።

ሃያ ደቂቃ ብጠብቀው ይመለስ ነበር። አልጠበቅኩም። ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል፣ አስራ ሁለት ሴት አጣምዶ ሊልክ ነው ብዬ ደመደምኩ። ትምህርት ቤት ደግሞ ከወፍ ወንዱ ተለቅ፣ ደመቅ ይላል ብለው አስተምረውናል። መስኮቱን ዘጋሁና ወፎቹን በእጄ እያወጣሁ ተለቅ ያለውን ከአነስተኛው እንደገና አጣመድኩ። የደብተሬንም «ሴት፣ ሴት» ሰርዤ የትኛው ወደ የትኛው ሳጥን እንደሄደ በቀስት አሰመርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ለማንም አልተናገርኩም። ሽማግሌውን ከኀፍረት አዳንኩት ብዬ በራሴ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ማታ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

የካቲት ላይ ደብዳቤ መጣ። ሙሴ ያኒ ቆመው እያነበቡ በአማርኛ ነገሩን። አዴር ሮብሌ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይሰማል።

«ሁለት ሳጥን ፈለፈለ ይላል። በሁለቱ ሳጥን ጎጆው እንቁላል ብቻ ሆነ፤ በአንዱ ዘጠኝ አገኘሁ፣ ሁሉም ውሃ ነው። በቀሩት ሁለቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ነው፤ እንቁላል የለም።» ወረቀቱን አጠፉት። «ሮብሌ፣ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ነው የላክህልኝ።»

«አንቺ ሙሴ፣ አይሆንም። እኔ ያጣመድኩት እሷና እሷ ተስማምተዋል።»

«የነገው ባቡር በዘጠኝ ተኩል ይነሳል። ምትክ ስድስት ጥንድ ልልክ ቃል ገብቻለሁ። ነገ ጠዋት እዚሁ ዓይኔ እያየ ትለያለህ። ካላወቅህ ክፍሉን ትለቅቃለህ። ሌላ ነገር ካለበት ደግሞ ፖሊስ ይይዘዋል።»

ታይፑ ላይ አጎንብሼ ነበር። እንቁላሉ ውሃ ነው ሲሉ ጆሮዬ ጋለ። ግን ለራሴ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? ሽማግሌው ሁሉንም ሴት ብሎኝ የለ፤ እኔ ባላስተካክለው ኖሮ እነዚያ ሁለቱ ሳጥኖችም አይፈለፍሉም ነበር አልኩ።

አዴር ሮብሌ የዚያን ዕለት አስራ ሁለት ወፍ ለየብቻ በየሳጥኑ አስገብቶ በጨርቅ ሸፈናቸው። «ብቻዋን ያደረች ወፍ ጓደኛ ስታይ ልቧን ታወጣለች» አለኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ሙሴ ያኒ በወንበር፣ እኔ ደብተሬን ይዤ በዱካ፣ አንድ ፖሊስ ደግሞ ግንዱን ተደግፎ። አዴር ሮብሌ መሬት ላይ ነው። ፊቱ አንድ ሽቦ ቤት አስቀምጧል፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ እንቁላል የጣለች አሮጊት ወፍ አለች። የመጀመሪያውን ሳጥን አጠገቧ አድርጎ ጨርቁን ገፈፈ።

የሳጥኑ ወፍ እንጨቷ ላይ ወጣች። ዝም። እኛም ዝም። አምስት ደቂቃ። አስር ደቂቃ። ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አዴር ሮብሌ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ፖሊሱ የቀረውን ሳል ዋጠው። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። የኔ ነገር መቀመጥ አልችልም፤ እግሬ ብቻውን ይንቀጠቀጣል።

«ናያ» አለኝ አዴር ሮብሌ ሳይዞር፤ በሶማሊኛ ሴት ልጅን ሲጠሩ እንደዚያ ነው። «እግርሽ ያወራል። ወፏ ያንቺን ትስማ ወይስ የራሷን ትናገር?»

ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ወፏ ከሳጥኑ ወለል አንድ የሣር ዘንግ አነሳች። በምንቃሯ ይዛ እንጨቱ ላይ ዘለል፣ ዘለል አለች፤ የአንገቷ ላባ ተነፋ። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ ክር ሲተረተር የሚመስል ድምፅ መጣ። ባልጠብቀው አልሰማውም ነበር።

አዴር ሮብሌ ፈገግ አለ።

«እሷ ወንድ ናት» አለ።

«ምን?» አልኩ። ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ወፏ ዝም አለች።

«ጸሐፊ፣ ጻፊ። እሷ ወንድ ናት። የምትዘፍነው ወንዷ ናት፤ ሴቷ አትዘፍንም።»

ሙሴ ያኒ ምንም አልደነቃቸውም። እኔ እጄ በረዶ ሆነ፤ ድሬዳዋ፣ ያውም በዚያ ሙቀት። ወንድ ብዬ ጻፍኩ። ለካ እሷ ሲል ሴት ማለቱ አይደለም። ወታደሩን አንቺ የሚል ሰው ወንዱን ወፍ እሱ ሊለው ኖሯል? ኅዳር ላይ ያመጣቸው ስድስቱም ትክክል ነበሩ። ያፋታኋቸው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ሳጥን። ሦስተኛው። አንዱ ቶሎ ይዘፍናል፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት ያስጠብቃል። ያልዘፈነውን ሳጥን መልሶ ሸፍኖ፣ ቆይቶ ዳግመኛ ይገልጠዋል። ሦስቴ ያያታል፤ በጅራቷ እንቅጥቅጥ ካለችና ወደሚዘፍን ወንድ ከተጠጋች «እሷ ሴት ናት» ይላል። ቀኑ እየጋለ ሄደ። ከተማው ለቀትር ተዘጋ፤ የጋሪ ድምፅ እንኳ ጠፋ። ሰባት ተኩል ላይ አምስት ወንድ፣ ስድስት ሴት ደርሰናል። የቀረው አንድ ሳጥን ነው።

«ይሄኛው ሦስቴ ዝም አለ» አሉ ሙሴ ያኒ ሰዓታቸውን እያዩ። «ሴት በለውና ሌላ ወንድ ያዝ።»

«አንቺ ሙሴ፣ ዝም ያለ ሁሉ ሴት አይደለችም። ፈሪም ዝም ትላለች።»

ይህን ሲል ወደ ሳጥኑ ነበር የሚያየው። እኔን አላየኝም፤ ምንም አያውቅም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

በዚያ ሰዓት ምን አስብ እንደነበር ልናገር። እናቴን አሰብኩ፤ ለጎረቤት ያወራችውን። ደግሞም እንዲህ አልኩ፦ ይቺ የመጨረሻዋ ከዘፈነች ስድስት ስድስት ይሆናሉ፤ አዴር ሮብሌ ማወቁን ያስመሰክራል፤ ክፍሉን አያጣም፤ እኔም መናገር አይኖርብኝም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ለወፍ ጸልዬ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዘፈነች። ትንሽ፣ የተቆራረጠ ዘፈን፤ ግን ዘፈነች።

«እሷ ወንድ ናት» አለ አዴር ሮብሌ፤ ግንባሩን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

ትንፋሼ መለስ አለ። ሙሴ ያኒ ግን ከወንበራቸው ተነሱ፤ ፊታቸው አልተፈታም።

«ስለዚህ ታውቃለህ» አሉት።

«አውቃለሁ።»

«ዓይንህም ጆሮህም ደህና ነው። አትሳሳትም።»

«ወላሂ አልሳሳትም።»

«እኔ እኮ አርጅቷል፣ ተሳስቷል ብዬ ይቅር ልልህ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳተ ሰው በአንድ ቀን አራት ሳጥን አይሳሳትም። ሆን ብለህ ነው። ጥሩዎቹን መጋላ ገበያ ላለው ነጋዴ ሰጥተህ ለኔ ትርፍራፊውን ሞላህልኝ።»

አዴር ሮብሌ አየት አደረገኝ፤ እንደ ምስክር። ሳጥኖቹን ያስረከበው ለኔ ነዋ። ባወቀው ልክ ራሱን እያሰረ ነበር፤ አላውቅም ቢል ክፍሉን፣ አውቃለሁ ሲል ስሙን።

ፖሊሱ ከግንዱ ተነሳና ቆቡን አደረገ። «በል ሽማግሌው፣ እንሂድ።»

አዴር ሮብሌ አልተከራከረም። ተነስቶ ሽርጡን አጠበቀ፤ ጫማውን በእግሩ ፈለገ። ከዚያ ወደ ሳጥኖቹ ዞሮ «ውሃቸውን ማን ይሰጣል?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጥሩ፣ ታጠጪያለሽ» አለ ፖሊሱ።

«አይደለም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ። እሱ መስጊድ ሲሄድ ሳጥኖቹን ከፍቼ ቀያየርኳቸው።»

ሙሴ ያኒ መነጽራቸውን ወደ ላይ አደረጉ። «ማድሞዜል ሙሉ፣ ሽማግሌ አሳዝኖሽ ነው። መዋሸት አያስፈልግም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነት ተናግሬ አለመታመን ከመዋሸት ይብሳል። ገብቼ የኅዳሩን ደብተር አመጣሁ። ገጹን ገልጬ ሰጠኋቸው፤ ስድስት ጊዜ ሴት፣ ሴት፤ በላዩ የተሰረዘ፣ ከሥሩ ቀስት፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን። በገዛ እጄ። ረዥም ጊዜ አዩት።

«ለምን?» አሉኝ።

«ሁለቱንም እሷ ሲላቸው ሴት መሰሉኝ።»

«ማድሞዜል፣ እኔንም ሠላሳ ዓመት አንቺ ነው የሚለኝ። እኔ ሴት ነኝ?»

ፖሊሱ ሳቀ። ሙሴ ያኒ አልሳቁም። ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ። «ወፎቹን አሽገሽ ለባቡር አድርሺ። ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ። አዴር ሮብሌን ምንም አላሉትም። ይቅርታ አልጠየቁትም፤ እንዳይታሰርም እንዲታሰርም አልተናገሩም።

«ታዲያ እኔ ማንን ይዤ ልሂድ?» አለ ፖሊሱ።

ትንሽ ቆሞ ብቻውን ሄደ።

አዴር ሮብሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

«ናያ» አለኝ በመጨረሻ። «መስጊድ ሩቅ አይደለችም። መጣሁ፣ ቡን ጠጣሁ፣ ማታም እዚህ ነበርኩ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ቸኮልኩ።»

«አይደለም። ሮብሌ አያውቅም አልሽ።»

«አዎ» አልኩ። «እንደዚያ ነው ያልኩት።»

ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምዳቸው ጀመር። «በይ ጻፊ። አንደኛ ሳጥን። እሷ ወንድ ናት፤ እሷ ሴት ናት። ተስማምተዋል።»

«ወንድ እና ሴት። ተስማምተዋል» ብዬ አነበብኩለት። ስድስቱንም እንደዚያ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ያን ቀን ብቻ ሳላቋርጥ ነው የሰማሁት።

ጋሪ ያንገጫግጫቸዋል ብሎ በእጃችን ተሸከምናቸው። እሱ ሦስት፣ እኔ ሦስት፤ በዚያ ፀሐይ እየሮጥን። ጣቢያ ስንደርስ ባቡሩ አንዴ ጮኋል። ዕቃ ተቀባዩ ሳጥኖቹን ጥላ ቦታ አስገብቶ ሲጨርስ እኔን አየና ጠየቀው፦

«አዴር፣ ይቺ ማናት?»

«የሙሴ ጸሐፊ ነበረች። ዛሬ ተባረረች።»

«ምን አድርጋ?»

አዴር ሮብሌ ትንሽ አሰበ። «ዘፈነች» አለ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ወደኔ ጠቆመ። «እሷ ወንድ ናት።»

ዕቃ ተቀባዩ አልገባውም። እኔ ፊቴን ወደ ሐዲዱ አዞርኩ፤ ዓይኔን ጭስ ገብቶት ነበር ብላችሁ እመኑኝ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደፋር ሴት ባየን ቁጥር «ወንድ ናት» የምንለውን ነገር አልወደውም፤ ሴት ሆና መድፈር የማይቻል ይመስል። ከአዴር ሮብሌ አፍ ግን ወሰድኩት፤ በሱ ቋንቋ ወንድ ማለት ዝም ማለት ሲችል አፉን የከፈተ ነው። ደግሞ አትሳሳቱ፤ ያን ቀን አልደፈርኩም። የተናገርኩት ሌላ መውጫ ሳጣ ነው። ወፏ ስትዘፍን ዳንኩ ብዬ የተነፈስኩት እኔው ነኝ፤ ያቺን ትንፋሽ እስካሁን አልረሳኋትም።

ተማርኩ ስንል የጎዳን አለማወቅ ይመስለናል። እኔን የጎዳኝ ማወቄ ነበር፤ አንድ ቃል ሰማሁ፣ ትርጉሙን ከራሴ ሰጠሁት፣ ባለቤቱ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ እያለ። ለእናቴ እውነቱን ጻፍኩላት፤ ለሰፈሩ ምን እንዳለች አላውቅም። አሁን እዚሁ ድሬዳዋ ሌላ ቢሮ ታይፕ እመታለሁ። ችኩልነቴ አልለቀቀኝም፤ የቢሮው ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ግን የሰው ጽሑፍ የተሳሳተ ሲመስለኝ ከማረሜ በፊት ተነስቼ ባለቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። ይሰለቹኛል። ይሰልቹኝ።

ሰኔ ላይ አዴር ሮብሌ የቢሮዬን መስኮት በጥፍሩ አንኳኳ። ግባ ብለው እምቢ አለ። ከፈረንሳይ ደብዳቤ መጥቷል። ክፍሉም እንዳለች ናት።

«እሷ ፈለፈለች» አለኝ፤ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

እንኳን ደስ አለህ ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መጀመሪያ የቷ እሷ እንደሆነች ጠየቅኩት።